ሰፈር የማንን ልጅ ይጠብቃል? ኤችአይቪን በከተማ መንደሮች የመከላከል ሥራ ሲዳሰስ

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል 0.9 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው እንደሚገኝ አመለከተ። ከአንድ በመቶ በታች መሆኑን የሰማ ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ ጋዜጠኛና ብዙ ወላጅ እፎይ ብሏል። ቁጥሩን ዘርዘር አድርጎ ላየው ግን እፎይታው የገጠሩ እንጂ የከተማው አይደለም። ገጠሩ 0.4 በመቶ ሲሆን ከተማው 2.9፣ አዲስ አበባ ብቻዋን 3.4 በመቶ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በከተሞች ብቻ የተደረገው ሌላ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑ የከተማ ሴቶች 4.1 በመቶ፣ ከወንዶቹ 1.9 በመቶ በቫይረሱ መያዛቸውን አሳየ። የሴቶቹ ከወንዶቹ እጥፍ በላይ ነው።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ኤችአይቪ በዋናነት የከተማ ሰፈር ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ጤና ጣቢያ ደም ይመረምራል፣ መድኃኒት ይሰጣል። ሰው የሚዋደደው፣ የሚያገባው፣ የሚደብቀውና የሚፈራው ግን ሰፈሩ ውስጥ ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት ሰፈሩና ቤተሰቡ በሽታውን ለመከላከል ምን ሠሩ? የትኛው ሠመረ፣ የትኛው ከሸፈ? የኔን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር፦ ሰፈር የራሴ የሚለውን ሰው በመጠበቅ ማንም ተቋም ያልሠራውን ያህል ሠርቷል። የራሴ የማይላቸው ሰዎች ግን ከጥበቃው ውጭ ቀርተዋል፤ ቫይረሱም ዛሬ በብዛት ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን አዲስ አበባ ውስጥ የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የኖረ ሰው በማለዳ የሚነፋውን የእድር ጡሩምባ አይረሳውም። ይሞቱ የነበሩት ልጆቻቸውን አሳድገው ያልጨረሱ ሰዎች ነበሩ፤ ባልና ሚስት በወራት ልዩነት ይከታተላሉ። ምን ገደላቸው ሲባል ሳንባ ነው፣ ብርድ ነው፣ አልማዝ ባለጭራ ነው ይባላል። በ1993 ዓ.ም. በከተማዋ መካነ መቃብሮች የቀብር ምዝገባ ተጀመረና ቀባሪ ዘመድ የሚናገረው የሞት ምክንያት መጻፍ ያዘ። ተመራማሪዎች እነዚህኑ የመሸፋፈኛ ቃላት ተከትለው ሲያሰሉ በሥራ ዕድሜ ላይ ሳሉ ካለፉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በኤድስ መሆኑን ደረሱበት።

ይህ ሁሉ ሞት አስቀድሞ ያናጋው እድርን ነው። እድር በወርሃዊ መዋጮ የቆመ ተቋም ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ሳህን ያቀርባል፣ ለሐዘንተኛው ቤት ገንዘብ ይሰጣል። ሒሳቡ የሚያዋጣው ሞት አልፎ አልፎ ሲመጣ ነው። ቀብር በቀብር ላይ ሲደራረብ ካዝናው ይራቆታል፣ መዋጮው ይጨመራል፣ መዋጮው ሲጨመር ደግሞ ድሃው አባል ይወጣል። ብዙ የእድር ዳኞች ስለ ኤድስ ማውራት የጀመሩት ስብከት ሰምተው ሳይሆን ካዝናቸውን አይተው ይመስለኛል። ይህን የምለው ሥራቸውን ለማሳነስ አይደለም። የገዛ ደብተራቸው ያስገደዳቸው ነገር ስለሆነ ነው ከውጭ ከመጣ ዘመቻ ይልቅ የጸናው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ። ቀድሞ ለሟች ብቻ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ከፊሉ ለታመመ አባል መታከሚያ፣ ለወላጅ አልባ ልጆች ደብተርና ቀለብ እንዲውል ተወሰነ። «ሕይወት»ን የመሳሰሉ አገር በቀል ድርጅቶች ከእድሮች ጋር ሆነው የቤት ለቤት እንክብካቤ ዘረጉ። በጎ ፈቃደኞቹ፣ አብዛኞቹ የሰፈሩ ሴቶች፣ አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ቤት እየገቡ ያጥባሉ፣ ምግብ ይሠራሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ሲመጣ በር የሚዘጋው ቤተሰብ ለእድሩ ሰው በሩን ይከፍት ነበር፤ ምክንያቱም ነገ ለቅሶው ላይ የሚቀመጠው ያው ሰው ነው። ይህ እምነት በገንዘብ አይገዛም። ስለ መከላከል ስናወራ የቤት ለቤት እንክብካቤን ከሕክምና ወገን አድርገን የምንተወው ከሆነ እንሳሳታለን። ጎረቤት ሕመምተኛውን በእጁ ሲያጥብ፣ አብሮት ሲበላ፣ ሌላው ጎረቤት በመንካትና አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ በዓይኑ አየ። ከዚያ በፊት ያንን በወረቀት ብዙ ጊዜ ተነግሮት ነበር፤ አላመነም።

ሌላው ሥራ ንግግር ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት ማስፈራራት ይበዛው ነበር፤ ሥዕሉ አጽም፣ መልእክቱ ሞት። ያስፈራ እንደሆነ እንጃ፣ በሽተኛውን ግን አሸሸው። ይህን የሰበሩት ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋሙት መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ አባሎቻቸው በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በፋብሪካ እየቆሙ «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» ብለው ፊታቸውን አሳዩ። ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት የኪራይ ቤታቸውን፣ ሥራቸውን፣ ዘመዳቸውን አጥተዋል። በዚህ አገር የኤችአይቪ መከላከል ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የላቀውን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የሚገባቸውን ያህልም አልተጻፈላቸውም።

ከነሱ ጎን ሬዲዮው ነበር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ በየቤቱና በየሱቁ ሰው ሰብስቦ ያስደምጥ ነበር። በ952 የሚደወልለት «ወገን» የስልክ አገልግሎት ስሙን ሳይናገር የሚጠይቅ ሰው አማካሪ እንዲያገኝ አደረገ። በትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ፣ በመንደር የቡና ላይ ውይይት ተስፋፋ። የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለው ዘዴ ደግሞ መነሻው ደቡብ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. ገደማ ቦጋለች ገብሬ የመሠረተችው ድርጅት በከምባታና በአላባ ይዞት ተነሣ፣ ከዚያ ወደ ከተሞች ቀበሌዎች ገባ። የዘዴው ብልሃት ማንም አስተማሪ አለመሆኑ ነው። ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ ተቀምጠው የሰፈራቸውን ነገር ራሳቸው ያነሣሉ፤ የትኛው ልማድ እንደሚያጋልጥ፣ ማን እንደሚጎዳ፣ ምን እንደሚወሰን። ከተማ ሲገባ ግን ብዙ ቦታ ተበላሸ። ውይይቱ ለአበል የሚሰበሰቡበት፣ ሪፖርት የሚሞላበት ስብሰባ ሆነ፤ አበሉ ሲቆም ውይይቱም ቆመ።

ይህ ሁሉ ለውጥ አመጣ ወይ ለሚል ጠያቂ አንድ ቁጥር ላሳየው። በመሐል አዲስ አበባ ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆኑ ወጣት ሴቶች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው በ1987 ዓ.ም. ገደማ 24 በመቶ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ወደ 15 በመቶ ወረዱ። ነፃ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የተጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ስለሆነ ይህን ቁጥር ያወረደው መድኃኒት ሊሆን አይችልም። ወጣቶች ናቸውና የቆዩ ሕሙማን በመሞታቸው የመጣ ነው ለማለትም ይከብዳል። ሰዎች ኑሯቸውን ለውጠዋል፤ ኮንዶም ይዘዋል፣ ተጠንቅቀዋል፣ ተነጋግረዋል። ዛሬ ባህሪን መለወጥ አይቻልም፣ ክኒኑ ብቻ ይበቃል ለሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ደጋግሞ ማሳየት ያስፈልጋል። መድኃኒቱም የማይታበል ሥራ ሠርቷል። ነፃ ሕክምናው ከተስፋፋ በኋላ በዚያው የመካነ መቃብር መዝገብ ላይ በአዲስ አበባ በኤድስ የሚሞቱ ጎልማሶች ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀንሷል።

የእምነት ተቋማት ሚና እንደ ዘመኑ ተለዋውጧል። በ1981 ዓ.ም. ኦሳ የተባለው የኤድስ ማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ሲመሠረት ክርስቲያንና ሙስሊም የእምነት አባቶች አብረው ነበሩበት፤ ለዚያ ዘመን ደፋር እርምጃ ነው። ከጋብቻ በፊት ምርመራ ውጤት ይዛችሁ ኑ ማለትም ከአብያተ ክርስቲያናትና ከመስጊዶች የመጣ ልማድ ሆነ። ብዙ ሙሽሮችን ከጉዳት አድኗል። ጉድለቱም መነገር አለበት፦ ምርመራው አንድ ቀን ይደረጋል፣ ትዳሩ ግን ብዙ ዓመት ይኖራል። ወረቀቱን ለካህኑ ያሳየ ባል ከሠርጉ በኋላ ተመልሶ የሚመረመርበት ሥርዓት የለም፤ ሚስትም ጠይቃ አታውቅም።

የጸበሉ ጉዳይ ከዚህ ይከብድ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን በእንጦጦ ጸበል ዙሪያ ተጠልለው ይኖሩ ነበር፤ ብዙዎቹ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ስለሚመስላቸው ይተዉታል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለሆኑ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በአደባባይ አስተማሩ። አንድ ቃል ከትክክለኛው አንደበት ሲወጣ ስንት ሰው እንደሚያድን ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም። ይሁንና ትምህርቱ ወደ እያንዳንዱ አጥማቂ አልወረደም፤ ዛሬም ክኒናቸውን ጸበል ቦታ ትተው የሚመለሱ ሰዎች አሉ።

ወደ ቤተሰብ ልግባ። እናቶችን በተመለከተ ያለው ሥራ የተሻለው ነው። ነፍሰ ጡሮች በክትትል ወቅት ይመረመራሉ፤ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮም ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ሌላ መስፈርት ሳይጠበቅ ዕድሜ ልክ የሚወሰደውን መድኃኒት እንድትጀምር ተደርጓል። የእናቶች ድጋፍ ቡድን በሚባለው ዝግጅት ቀድማ በዚያ መንገድ ያለፈች እናት አዲሷን ተቀብላ ልጅዋን ነፃ አድርጋ እንዴት እንደወለደች ትነግራታለች። ከባለሙያ ምክር ይልቅ ይሄ ይሰማል፤ የምትናገረው ሴት ልጅዋን አዝላ ነውና።

ችግሩ አባቱ ነው። ሴቷ በእርግዝናዋ ምክንያት ቀድማ ስለምትመረመር ውጤቱን ቀድማ የምታውቀውም፣ «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» የምትባለውም እሷ ናት። አሁን በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት፣ ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ይዞ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን የመመርመር ዘዴ ሳያውቁ የሚኖሩ ሰዎችን ለማግኘት በጣም ይጠቅማል። በ2010 ዓ.ም. የከተማ ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ካለ ጎልማሶች ውጤታቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ካወቁት ግን 97 በመቶ ያህሉ መድኃኒት ላይ ነበሩ። ይህ ማለት ሰው ካወቀ ይታከማል፣ ጉድለቱ ያለው ማወቁ ላይ ነው። ሆኖም «ባልሽን አምጪ» የምትባለው ሴት ቤት ስትገባ ምን ይገጥማታል ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ሊኖር ይገባል። ዱላ የሚያስከትል ከሆነ ምርመራው ሌላ መንገድ ይፈለግለት፤ ቤት ተወስዶ ራስን በራስ የሚመረመሩበት መሣሪያ ለዚህ ምቹ ነው።

ሌላ ብዙ ቤተሰብ ገና ያልሰማው ነገር አለ፦ መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ የወረደ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ይህ በትላልቅ ጥናቶች የተረጋገጠ ነው። አንዳቸው ብቻ ቫይረሱ ላለባቸው ባልና ሚስት ትዳር ማዳኛ ዜና ነው። እድርም፣ የነፍስ አባትም፣ ሽማግሌም ይህን ቢያውቅ ኖሮ ስንት ትዳር ባልፈረሰ ነበር።

ከልጆች ጋር መነጋገር ላይ ግን ወድቀናል። በ2008ቱ ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆኑ ወጣቶች ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ሴቶች 24 በመቶ፣ ወንዶች 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሞቱን ያላየ ትውልድ ነው። ወላጅ የሚያውቀው «ተጠንቀቂ» ማለትን ነው፤ ከምን፣ እንዴት ለሚለው ጥያቄ አፉ አይደፍርም። ከቫይረሱ ጋር ተወልደው መድኃኒት እየወሰዱ ያደጉና ዛሬ ወጣት የሆኑ ልጆች ደግሞ አሉ። ብዙዎቹን ያሳደጓቸው አያቶች ናቸው፤ ክኒኑ የሳንባ ነው፣ ቫይታሚን ነው እየተባለ እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው የደረሱ አሉ። እውነቱን በድንገት ያወቀ ልጅ መጀመሪያ የሚጥለው ክኒኑን ነው። ለልጅ በየዕድሜው ደረጃ በደረጃ መንገር እንደሚሻል ባለሙያዎች ሁሉ ይስማማሉ፤ አያትን ግን ብቻዋን እንድታደርገው መተው አይገባም።

አሁን ሰፈሩ ወደማይቆጥራቸው ሰዎች እንሂድ። እድር አባልነት የሚሰጠው ለአባወራና ለእማወራ ነው። ደባል፣ ተከራይ፣ የቤት ሠራተኛ፣ መጠጥ ቤት የምትሠራ ሴት ስማቸው በደብተሩ የለም። ከገጠር በዘመድ ወይም በደላላ መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ቤተሰብ ተኮር» ተብሎ በተነደፈ ሥራ ውስጥ የማን ቤተሰብ ናት? የምትተኛው ኩሽና ነው፤ የሚያስነውራትም አንዳንዴ የቤቱ ሰው ራሱ ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ ፈልጎ የደረሰው፣ በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም ነው። ከየሰፈሩ የተመረጡ ሴት አስጠኚዎች ቤት ለቤት እየዞሩ አሠሪዎችን ያነጋግራሉ፣ ልጅቷን በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት እንዲለቁ ያስማማሉ። ልጆቹ በቀበሌ አዳራሽ ፊደል ይማራሉ፣ ስለ ገላቸውና ስለ ኤችአይቪ ይማራሉ፣ ከሁሉ በላይ ጓደኛና የሚያውቃቸው አዋቂ ሰው ያገኛሉ። ግምገማው በፕሮግራሙ የታቀፉት ልጆች በችግር ጊዜ የሚደርስልኝ ሰው አለ የማለት ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። ካየኋቸው የከተማ ሥራዎች ሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው፤ የሰፈርን ሰው ተጠቅሞ ሰፈር ወደማያያት ልጅ ደርሷልና።

በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን በተመለከተ በ2012 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ጥናት 19 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው እንደሚገኝ አሳይቷል። ከከተማው አማካይ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ለእነሱ የተከፈቱ ማረፊያና ክሊኒኮች፣ በራሳቸው ባልደረቦች የሚሰጥ ትምህርት፣ ከመጋለጥ በፊት የሚወሰደው ፕሬፕ የሚባል መድኃኒት ጥሩ ጅምር ነው። ሰፈሩ ግን ለእነሱ ያለው መልስ እስካሁን ከቤታችን አጠገብ አስነሡልን የሚል አቤቱታ ነው። ሲባረሩ ኮንዶም ወደማይገኝበት፣ ሐኪም ወደማያውቃቸው ሌላ ጎዳና ይሄዳሉ። ደንበኞቻቸው ግን የትም አይሄዱም፤ አመሻሹ ላይ ወደዚያው ወደ እድርተኛው ቤት ይገባሉ።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደርበዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳን፣ ቆይቶም የካዛንቺስን ነባር ሰፈሮች አፍርሶ ነዋሪውን ወደ ከተማዋ ዳር በትኗል። ስለ ከተማዋ መዋብ ክርክር አልከፍትም። ሆኖም ለሃምሳ ዓመት የተገነባ እድር ሲበተን ሕመምተኛ ቤት በሩን አንኳኩታ የምትገባው ሴትም ከዚያው ጋር ትጠፋለች፤ መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰውም ከለመደው ጤና ጣቢያ ይርቃል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ከነሱ ውስጥ የቀረ ሕመምተኛ ስልክ ደውለው፣ ቤቱ ሄደው የሚመልሱ ነበሩ። የአገሪቱ የኤችአይቪ ሥራ ምን ያህል በሰው እጅ ላይ የቆመ እንደነበር ያን ጊዜ ታየ።

ስለዚህ አቤቱታዬ ለመንግሥትም፣ ለእድሮችም ነው። መንግሥት ሰፈር ሲያነሣ እድሩን እንደ እድር ያዛውረው፤ ጎረቤታሞችን አንድ ብሎክ ላይ ያስፍር፤ የተሰናበቱትን የጤና ሠራተኞች ሥራ ከአገር ውስጥ በጀት ይተካ። እድርተኛ የሆንክ አንባቢ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ሦስት ነገሮች አጀንዳ ይያዙልህ፦ ተከራይና ደባል በአነስተኛ መዋጮ አባል እንዲሆኑ፣ በአባላት ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶች በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለትምህርት እንዲለቀቁ፣ ከኮሚቴው አንድ ሰው ራስን በራስ መመርመሪያው የት እንደሚገኝ አውቆ የማንንም ውጤት ሳይጠይቅ እንዲጠቁም። ቤትህ የምትሠራ ልጅ ካለች ግን ስብሰባውን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ አነጋግራት።